ሰባተኛ ክፍል የገቡት መምህር

ለቅሶ ለመድረስ ሄጄ የማጽናናው ሰው ያጣሁት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የደወለችልኝ ሐያት ናት። ሐያት የድሮ ተማሪዬ ስትሆን አሁን በርበሬ በረንዳ የአባቷን መደብር ይዛ ትሠራለች።

«ቲቸር፣ ጋሼ ይልማ እኮ ዐረፉ» አለችኝ።

«መቼ?»

«ሰንብቷል። ቀብራቸውም አልፏል። እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት፤ የሰፈራቸው ሰው በርበሬ ሊገዛ መጥቶ ሲያወራ።»

ከኋላዋ ተሸካሚዎች «ጀርባ! ጀርባ!» እያሉ ሲያልፉ ይሰማኛል።

በማግሥቱ ከመሳለሚያ ወረድ ብሎ ወዳለው ግቢ ሄድኩ። ድንኳን የለም። ወንበር አልተደረደረም። የግቢው ባለቤት የሆኑት ሴትዮ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። ለጋሼ ይልማ እንደመጣሁ ስነግራቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«ውይ የኔ ልጅ፣ ማንን ልታጽናኚ?» አሉ። «ዕድሩ ነው የቀበራቸው። ዘመድ የሚባል አልመጣም።»

የጋሼ ይልማ ክፍል በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ እዚያው ቆምኩ። ሴትዮዋ ቢላዋቸውን አስቀምጠው ከውስጥ በርጩማ አመጡና፣ «ነይ በይ፣ እኔንም ቢሆን አጽናኚኝ። ስንት ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ስለ ጋሼ ይልማ ምን እንደሚያውቁ ጠየቅኳቸው። «ድምፃቸውን» አሉኝ። «በየማታው ብቻቸውን እያነበቡ ይሰሙኛል። እንግሊዝኛ ነው መሰለኝ። እኔ ደግሞ አይገባኝ።»

እኔ ግን የሚያነቡትን ዐውቀው ነበር።

ከኮሌጅ ወጥቼ መጀመሪያ የተመደብኩት መርካቶ ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ነው፤ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ መምህርት ሆኜ። ከአጥሩ ወዲያ ጭነት የሚያራግፉ መኪናዎች፣ ወዲህ እኛ። ነፋሱ ከበርበሬ በረንዳ በኩል ሲመጣ ክፍሉ በሙሉ ማስነጠስ ይጀምራል፤ እኔም ጠመኔዬን ይዤ እስኪያልፍልን እጠብቃለሁ።

ጋሼ ይልማ የሂሳብ መምህር ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ግራኝ። ነጭ ጋዋናቸው የግራ እጅጌው ሁልጊዜ ጠመኔ እንደነካው ነው፤ የጻፉትን በክንዳቸው እያበሱ ስለሚሄዱ። ተማሪ ሲሳሳት አይቆጡም። ወደ ሰሌዳው ይጠጉና፣ «ጥሩ፤ አሁን የት ጋ እንደጠፋን እንፈልግ» ይላሉ። «የት ጋ እንደጠፋህ» ብለው አያውቁም። ልጁ ብቻውን እንዳይሆን አብረውት ይጠፉለታል።

እሳቸው ራሳቸው ግን ብቻቸውን ነበሩ። በምሳ ሰዓት ሁላችንም እየተሰባሰብን ስንወጣ እሳቸው ባዶ ክፍል ውስጥ ዳቦና ሻይ ይዘው መጽሐፍ ይከፍታሉ። «ጋሼ ይልማ፣ ይምጡ እንጂ» ስንላቸው፣ «ሂዱ ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ» ይላሉ። ደርሰውብን አያውቁም። አንድ ፋሲካ ለምኜ ቤታችን ወሰድኳቸው። ከትልቅ ሰው ጋር ብዙም አላወሩም። የእኅቴን ልጅ ግን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «ስንተኛ ክፍል ነሽ? የት ምዕራፍ ደረሳችሁ?» እያሉ አዋሏት። ይሄ የሁልጊዜ ጥያቄያቸው ነው። መንገድ ላይ ማስቲካ የምትሸጥ ልጅ እንኳ ቢያገኙ መጀመሪያ ክፍሏን፣ ቀጥሎ ምዕራፏን ይጠይቃሉ።

መምህራኑ ስለ እሳቸው የሚሉት አንድ ነገር ነበር። በየዓመቱ አንድ ክፍል ከፍ ልበል ብለው ያመለክታሉ። ሁለተኛ ክፍል ያስተምሩ ነበር፤ ሦስተኛን ጠየቁ። ከሦስተኛ አራተኛን፣ ከዚያ አምስተኛን። ለአምስተኛ ዲፕሎማ ያስፈልጋል ሲባሉ በዚያ ዕድሜያቸው ክረምት ክረምት ተምረው አመጡት። «ሰውዬው ዓይኑን ዳይሬክተርነት ላይ ጥሏል» ይሉ ነበር መምህራኑ። እሳቸው ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ። እኔ ስመጣ ገና ሰባተኛን መያዛቸው ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ግን እንደሌላው አይደለም። እስከ ስድስተኛ ድረስ ልጁ ሂሳቡን የሚማረው በአማርኛ ነው። ክረምቱን ተጫውቶ መስከረም ላይ ሲመለስ መጽሐፉ በሙሉ እንግሊዝኛ ሆኖ ይጠብቀዋል። ትናንት ክፍልፋይ ብሎ ሲደምር ሲቀንስ የነበረ ልጅ ዛሬ ስሙን ሰምቶት የማያውቀው ነገር ፊት ለፊቱ ይቆማል። መደመሩ ያው ነው፤ ልጁ ግን የጠየቁት አይገባውም። እንግሊዝኛው ላይም እኔ ገና ትናንት ምን እንደሠራና ነገ ምን እንደሚሠራ መናገር እያለማመድኩት ነው።

ያ ነገር በጋሼ ይልማም ላይ ደረሰ። ሂሳቡን ያውቁታል፤ እንግሊዝኛው አልነበራቸውም። ጥያቄውን ከመጽሐፉ ሰሌዳ ላይ ይገለብጡና ማብራሪያውን በአማርኛ ይሰጣሉ። እሳቸው ሲያስረዷቸው ልጆቹ ይገባቸዋል፤ ፈተናው ላይ ግን ወረቀቱ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይወድቃሉ።

በዚያ ዘመን ግምገማ የሚባል ነገር ነበር። መምህራን፣ ዳይሬክተርና የወላጅ ኮሚቴ አንድ አዳራሽ ተቀምጠን አንዱ ሌላውን ይገመግማል። የዚያን ዓመት የመጀመሪያው ግምገማ ላይ የሐያት አባት ሐጂ ከድር እጃቸውን አወጡ። ሐጂ ነገር ማድበስበስ አያውቁም።

«እኔ መምህር ይልማን አልጠላም» አሉ። «ጨዋ ሰው ነው። ግን ልጄ ሱቅ ውስጥ ከኔ ቀድማ የምትደምር ልጅ፣ እዚህ ዜሮ አምጥታ ትገባለች። ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ይፈተናሉ፤ እሱ በአማርኛ ያስተምራል። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስትወድቅብኝ ለማን ልናገር?»

ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና መፍትሔ ያሉትን አቀረቡ፤ ጋሼ ይልማ ወደ አራተኛ ክፍል ይመለሱ።

ጋሼ ይልማ ተነሡ። ሁላችንም «እሺ» ብለው ይቀመጣሉ ብለን ነበር፤ ከማንም ጋር ተጋጭተው ስለማያውቁ።

«ሐጂ ያሉት እውነት ነው» አሉ። «እንግሊዝኛ የለኝም። አራተኛ ክፍል ግን አልወርድም።»

ዳይሬክተሩ ደነገጡ። «ምን ማለትዎ ነው?»

«ሰባተኛ ላይ ልቆይ ማለቴ ነው። እንግሊዝኛውን እማራለሁ።»

«የት ነው የሚማሩት?»

«እዚሁ። ከልጆቹ ጋር።»

ከኋላ በኩል የሳቀ ሰው ነበር። እኔ ገና አዲስ ብሆንም ተነሥቼ ክፍሌ ክፍት መሆኑን ተናገርኩ። ሐጂ ከድር ጺማቸውን እያሻሹ ትንሽ አሰቡና፣ «እስከ መንፈቅ ዓመት ድረስ ይሞክር። ከዚያ ኮሚቴው ክፍል ገብቶ ይይ» አሉ። በዚሁ ተለያየን።

በማግሥቱ ክፍለ ጊዜዬ ሲደወል ጋሼ ይልማ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ገቡና የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ መተላለፊያው ዞረው ነው የተቀመጡት። ልጆቹ መጀመሪያ ፈሩ፤ ከዚያ ተንሾካሾኩ፤ ከዚያ አንዱን ሳቅ ፈነቀለው። ጋሼ ይልማ አብረው ሳቁ። እጃቸውን አውጥተው፣ «ቲቸር፣ መግባት እችላለሁ?» አሉኝ፣ ከገቡ በኋላ። በዚያው ቀን ከመምህራኑ ሁሉ በፊት ቲቸር ብለው የጠሩኝ እሳቸው ሆኑ።

እንደ ማንኛውም ተማሪ ነበሩ። ፈተና ይፈተናሉ፤ ውጤት ሳነብ የእሳቸውም ይነበብ ብለው አዘዙኝ። የመጀመሪያው ውጤታቸው ከግማሽ በታች ነበር። እሳቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ «ጥሩ፤ የት ጋ እንደጠፋን እንፈልጋለን» አሉ። መምህራን ክፍል ውስጥ ግን ቀልዱ በረታ። «ሰባተኛ ክፍሉ መጣ»፣ «የቤት ሥራ ሠራህ ወይ?» ይሏቸዋል። እሳቸውም ሻያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ዝናብ ቢዘንብ እንኳ መምህራን ክፍል አይገቡም ነበር።

አንድ ቀን ስለ ማነጻጸሪያ ቃላት ሳስተምር፣ ከሂሳብ መጽሐፋቸው ምሳሌ ልውሰድ ብዬ ሰሌዳው ላይ «ፋይቭ ለስ ዛን ኤ ነምበር» የሚለውን ጻፍኩና በሂሳብ ምልክት አስቀምጡት አልኳቸው። ዞሬ ሳይ ሁሉም አምስትን አስቀድሞ፣ ከአምስት ላይ ቁጥሩን ቀንሷል። ሐያትም ጭምር። ስሕተት ነው፤ አምስቱ ነው ከቁጥሩ ላይ የሚቀነሰው።

ከኋላ ወንበር እጅ ወጣ።

«ቲቸር፣ እኔም እንደነሱ ነው የጻፍኩት» አሉ ጋሼ ይልማ። «ባለፈው ሳምንትም ሰሌዳ ላይ እንደዚሁ ጽፌላቸዋለሁ።» ተነሥተው ወደ ፊት መጡ። «በአማርኛ ስንለው 'ከአንድ ቁጥር በአምስት የሚያንስ' ነው። ቁጥሩ ይቀድማል፤ ቀጥሎ አምስቱ ይመጣል፤ እንደተነገረን እንጽፈዋለን። እንግሊዝኛው ግን አምስቱን አስቀድሞ ነው የሚነግረን።» ወደ ልጆቹ ዞሩ። «ቅነሳ እኮ አልጠፋባችሁም። እኔ ደግሞ አልገባቸውም ብዬ ሳማርራችሁ ሰነበትኩ።»

ሐያት፣ «ታዲያ ከኋላ ነው የምናነበው?» አለች።

«መጀመሪያ እስከ መጨረሻው እናንብበው። ሳንጨርስ እንዳንጽፍ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችን አብረን ማዘጋጀት ጀመርን። እሳቸው የሚቀጥለውን ሳምንት የሂሳብ ምዕራፍ ያመጡልኛል፤ እኔ ቃላቱንና ዐረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አስቀድሜ አስተምራለሁ። እሳቸው በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ጥያቄውን ጮክ ብለው በእንግሊዝኛ ያነባሉ። አነባበባቸው ያስቃል። ልጆቹ ያርሟቸዋል፤ ደግመው ያነባሉ፤ ደግመው ያርሟቸዋል። ያን ሲያደርጉ ጥያቄው ምን እንደሚል ሁሉም ጆሮ ውስጥ ገብቶ ያድራል።

በመንፈቁ ኮሚቴው መጣ። ሐጂ ከድር ፊት ወንበር ላይ ከዳይሬክተሩ ጎን ተቀመጡ። ጋሼ ይልማ ሲጀምሩ ጠመኔው ሁለቴ ተሰበረባቸው። የመጀመሪያውን ጥያቄ አንብበው አንድ ቃል ላይ ተሰናከሉ። ዳይሬክተሩ ማስታወሻቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ያኔ ሐያት እጇን አውጥታ ቃሉን አረመችላቸውና ተነሥታ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ አነበበችው፤ ሰሌዳው ላይ ወጥታም በእንግሊዝኛ እያስረዳች ሠራችው። እስክትጨርስ አባቷ እንግሊዝኛው ባይገባቸውም ልጃቸውን ብቻ ያዩ ነበር። ሲወጡ ጋሼ ይልማን በሁለት እጃቸው ጨበጧቸው። «ተቀመጥ፣ መምህር» አሉ። «ቦታህ ነው።»

ስለዚህ ቆዩ። በሚቀጥለው ዓመት ከልጆቹ ጋር አብረው ስምንተኛ ክፍል ገቡ። የኋላ ወንበራቸውን አልተዉም፤ ፈተናዬንም ከማንም በላይ ይሠሩ ጀመር። ሚኒስትሪ ሲመጣ ብዙዎቹ ልጆች አለፉ። ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ አመሰገኗቸው፤ ይቀልዱባቸው የነበሩት መምህራንም አጨበጨቡ። እኔ እንደ ራሴ ነበር ደስ ያለኝ።

በዚያው ስብሰባ መጨረሻ ጋሼ ይልማ ተነሥተው፣ «ለሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ክፍል ስጡኝ» አሉ።

ሰው ሁሉ የቀለዱ መሰለው። ዳይሬክተሩ፣ «አራተኛ አልወርድም ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አሏቸው። «ነኝ» አሉ። «አሁን ግን ይበቃኛል። አንደኛ ስጡኝ።»

ስብሰባው ሲበተን ተከትያቸው ሄድኩ። ባዶው ስምንተኛ ክፍል ውስጥ አገኘኋቸው፤ መስኮቱ ጋ ቆመዋል።

«ጋሼ ይልማ፣ ምን አጠፋንብዎት?» አልኳቸው።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን?»

«በእንግሊዝኛ ልንገርሽ» አሉኝ። «በአማርኛ ስጀምረው አልችለውም።»

ነገሩኝም፤ እኔ ባስተማርኳቸው አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች፣ አንድ አንዱን እየፈለጉ። ሚስት ነበረችኝ አሉ። የተወለደችው አሥመራ ነው። እዚህ መርካቶ ተገናኘን። ልጅ ወለድን፤ ስሟ ፌቨን ነው። ጦርነቱ መጣ። አገራችሁ አይደለም ተባሉ። አውቶቡስ ላይ ወጡ፤ እኔ ቀረሁ። ልጄ አንደኛ ክፍል ነበረች። ስልክ የለም። መንገድ የለም።

«የትም ትሁን ትምህርት ቤት ትሄዳለች አልኩ» አሉ። «በየዓመቱ አንድ ክፍል ታልፋለች። እኔም አብሬ አልፋለሁ። ሂሳብ የትም ያው ነው፤ ሰባተኛ ስትደርስ እንግሊዝኛው ይከብዳታል። እኔንም ይክበደኝ አልኩ። የምትማረውን ካወቅሁ ማታ ቁጭ ብላ ምን እንደምታጠና ዐውቃለሁ።»

አጠገባቸው ያለው ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ።

«አሁን ዘጠነኛ ልትገባ ነው» አሉ። «እዚህ ዘጠነኛ የለም። እኔም ሌላ መማር አልችልም፤ ደክሞኛል።»

«ለምን አንደኛ ታዲያ?»

ያኔ ወደ አማርኛ ተመለሱ። «የተለየኋት እዚያ ነዋ» አሉኝ።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንደኛ ክፍል አስተማሩ፤ ስለዚህ ጉዳይም ዳግመኛ አላነሡልኝም። ከወጡ በኋላ አልፎ አልፎ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ትንሿ ክፍል ውስጥ አልጋ፣ አንድ ወንበርና የስምንተኛ ክፍል መጽሐፍ ነበር ያላቸው። ወንበሩን ለኔ ይሰጡና አልጋው ላይ ይቀመጣሉ። «ዛሬ የት ምዕራፍ ደረሳችሁ?» ይሉኛል። የደረስንበትን እነግራቸዋለሁ።

እሳቸው ባለፉ በሚቀጥለው ክረምት የሁለቱ አገር መንገድና ስልክ ተከፈተ። በዚያ ሰሞን መርካቶ ውስጥ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ መንገድ መሐል ቆሞ የሚያለቅስ ሰው ማየት ብርቅ አልነበረም። እኔ የምደውልበት ቁጥር አልነበረኝም። ያለኝ ስም ብቻ ነበር።

በምዝገባው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አንዲት ወጣት ሴት ይዞ ክፍሌ ድረስ መጣ። «መምህር ይልማን የምትፈልግ ናት» አለኝ። ረጅም ናት፤ ቀጭን። በግራ እጇ ነበር ሻርፗን የያዘችው። ስሟን ሳትነግረኝ ዐወቅኋት።

«እማዬ የትምህርት ቤቱን ስም ነግራኝ ነበር» አለች። አማርኛዋ ከሩቅ የመጣ ቢሆንም ይገባል። «ሌላ አድራሻ የለኝም።»

አስቀምጬ ነገርኳት። ከዚህ በፊት ለማንም መርዶ ነግሬ አላውቅም ነበር፤ እንዴት እንደተናገርኩትም አላስታውስም። ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች። እናቷም ካረፈች ቆይታለች። ስትረጋጋ፣ «ምን ዓይነት ሰው ነበር? እኔ ጋዋኑን ብቻ ነው የማስታውሰው» አለችኝ።

ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። በየዓመቱ አንድ ክፍል ከፍ ልበል ማለታቸውን፣ ግምገማውን፣ የኋላ ወንበሩን፣ ያንን በእንግሊዝኛ የነገሩኝን። «አንቺን ተከትለው ነበር እኮ የሚያልፉት» አልኳት። «ሰባተኛ ስትደርሺ ሰባተኛ፣ ስምንተኛ ስትደርሺ ስምንተኛ።» ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር።

ጣቶቿን አየች።

«እኔ ከአምስተኛ ነው ያቆምኩት» አለች ቀስ ብላ። «እማዬ ታመመች። ሥራ ገባሁ። ስድስተኛን አላየሁትም።»

ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ ከአጥሩ ወዲያ ሻጮቹ ላስቲክ ለማልበስ ሲሯሯጡና ሲጯጯሁ ይሰማል። ፌቨን የክፍሉን ሰሌዳ፣ ባዶዎቹን ዴስኮች፣ ጥግ የተደረደሩትን መጻሕፍት በዓይኗ ዞረቻቸው።

«ሰባተኛ ክፍል ምንድን ነው የሚማሩት?» አለችኝ።

ከጥጉ ሁለት መጻሕፍት አነሣሁ፤ አንዱ ሂሳብ፣ አንዱ እንግሊዝኛ። አቧራቸውን በእጄ ጠርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩና የመጀመሪያውን ምዕራፍ ገለጥኩ። ወደ እኔ ጠጋ አለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ስለነበር እንድትሰማኝ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።